ሐረጎ በሁለተኛ ማርሽ

የጣሊያንን አውሮፕላን ለስድስት ዓመት ያህል፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ ሐረጎ ገደል ውስጥ ስጥለው ኖሬያለሁ።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሚኒባስ እነዳለሁ። መንገዱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ ግንባሩን እየጠረገ ይወርዳል። መካከል ላይ ያለው ሐረጎ ነው። ጠመዝማዛ ነው፤ ክረምት ላይ ጉም ከወረደበት መብራት አብርተህም ከመኪናህ አፍንጫ ወዲያ አታይም። እዚያ ላይ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን ያቃጥላል፤ ስለዚህ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚወረደው። ቀስ ሲባል ደግሞ ጨዋታ ያስፈልጋል። ሬዲዮው ተራራው ሲጋርደው ይንኮሻኮሻል፤ ተሳፋሪው ገደሉን እያየ ዝም ይላል። እኔ አወራለሁ። (ይህን የሚያነብ ትራፊክ ፖሊስ ካለ፦ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ናቸው። የሚሠራው አፌ ብቻ ነው።)

የማወራው የሀገራችንን ታሪክ ነው። ሀገር የምለው ወሎን ነው። ዛሬ በወረቀት ላይ ደቡብ ወሎ፣ ሰሜን ወሎ ተብሎ ተከፋፍሏል፤ ጋቢና የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ግን አሁንም «ክፍለ ሀገራችን» ነው የሚሉት፤ ከእነሱም የባሱት «ጠቅላይ ግዛት» ይላሉ። እኔም ልማዱ ተጋብቶብኛል።

ወደ አውሮፕላኑ ልመለስ። ታሪኩ እንዲህ ነበር። ጃንሆይ በጣሊያን ጊዜ ደሴ ሰፍረው ሳሉ የጠላት አውሮፕላኖች መጡ። ጃንሆይ አልሸሹም፤ መትረየሱን ራሳቸው ይዘው ተኮሱ። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። «አንደኛው አውሮፕላን እየጨሰ፣ እየጨሰ መጥቶ ያውና እዚያ ወደቀ» ብዬ በአገጬ ወደ ገደሉ አመለክታለሁ። አሥራ ሁለት ሰው አንገቱን በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ያዞራል። እንዲህ ያለ ደስታ ምን አለ? ዓመቱ በገፋ ቁጥር ጭሱ እየጠቆረ፣ ፍንዳታው እየበረታ ሄደ። ኋላ ላይ የአብራሪው ቦት ጫማ ተጨመረ። ረዳቴም ከኋላ ሆኖ «ጫማውን የወሰደው የእኔ አያት ነው» ማለት ጀመረ። አያቱ ጫማ አድርገው የማያውቁ ገበሬ እንደነበሩ እኔም እሱም እናውቃለን።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ መምህር ጋቢና ተቀመጡ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ባርኔጣቸውን እጀታው ላይ ሰቅለው፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ጫማው ጋ ስደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ንጉሡ ሲተኩሱ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አይተኸዋል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አውሮፕላን ሲወድቅ ያሳያል?»

«አያሳይም።»

«ታዲያ አንተ ከየት አየኸው?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ረዳቴ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ኮምቦልቻ ስንደርስ መምህሩ ሒሳባቸውን ከፍለው፣ በሩን ይዘው ትንሽ ቆሙና «በርበሬው ሳይጎድል ሚጥሚጣ ትነሰንስበታለህ» ብለውኝ ሄዱ።

ሦስት ቀን አፌን ዘግቼ ነዳሁ። ረዳቴ አሞኝ መስሎት ነበር። በአራተኛው ቀን መኪናዋ የፍሬን ሸራ ልትቀይር ጋራዥ ገባች፤ እኔም ከዚያ በፊት ደጁን ረግጬው ወደማላውቀው ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወንበሩ እንኳ ከሹፌር ወንበር ይቆረቁራል።

የሆነው ይህ ነው። ጃንሆይ የሰሜኑን ጦር ለማዘዝ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ መጡ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሡ በእርግጥም መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል። በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ጋዜጠኞችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ደሴ ስለነበሩ ነገሩ በዓለም ጋዜጣ ላይ ወጣ። ያ ሁላችንም የምናውቀው ፎቶግራፍ ከእኛ ከተማ ነው የሄደው። ንጉሡ ከዚያ ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ተዋጉ፤ ጦራቸው ተፈታ። ሚያዝያ 7 ቀን ጣሊያን ደሴ ገባ። አንብቤ ስጨርስ አንድ ነገር ገረመኝ፦ ከእኔ ታሪክ ውስጥ የጎደለው ሆስፒታሉ ነበር። ያልወደቀ አውሮፕላን ስጥል፣ የተመታውን ሆስፒታል ረስቼ ስድስት ዓመት!

ያን ዕለት ማታ ደብተር ገዛሁ። ገጹን በእስክሪብቶ ሦስት ቦታ ከፈልኩት፤ «ያየሁት»፣ «ያነበብኩት»፣ «የሰማሁት»። አውሮፕላኑን የትኛውም ውስጥ አላስገባሁትም። ደብተሩ ጋቢናው ወንበር ሥር ይቀመጣል፤ ዘይትና የሙዝ ልጣጭ ያልነካው ገጽ የለውም።

ከዚያ ወዲህ የማወራው ብቻ ሳልሆን የምጠይቅም ሆንኩ። ሚኒባስ ለዚህ የሚመች ነገር ነው። ሰውን በራሱ ቤት እንግዳ ሆነህ ስትጠይቀው ይጠረጥርሃል፤ መኪና ውስጥ ግን ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስለሚለያይ ሁሉን ይነግርሃል። «ደሴ ለምን ደሴ ተባለች?» ብዬ ስጠይቅ አንዲት እናት ከኋላ ወንበር «ድሮማ ላኮ መልዛ ነበረች፣ ልጄ» አሉኝ። ላኮ መልዛ የሚለውን ስም ዛሬ የንግድ ቤት ሰሌዳ ላይ ካልሆነ በቀር ብዙ ወጣት አያውቀውም። ዐፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ ሰማይ ላይ ታየ፤ ንጉሡም ተደስተው ቦታውን «ደሴ»፣ ደስታዬ ለማለት፣ አሉት ይባላል። ይህን «የሰማሁት» ሥር ጻፍኩት። ቆይቼ ሳነብ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 መስከረም ላይ በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ በብዙ አገር መመዝገቡን አገኘሁ። ስለዚህ ከ«የሰማሁት» ወደ «ያነበብኩት» ቀስት አሰመርኩ። ቀስቱ የሚያደርሰው ኮከቡን ብቻ ነው፤ የንጉሡን ደስታ አያደርስም። እኛ ደግሞ ዛሬ ጦሳ ተራራ ላይ በሚጋደመው ጉም የተነሳ እንኳን ጅራታሙን፣ ጅራት የሌለውንም ኮከብ በዓመት ስንት ቀን እንደምናይ አላህ ይወቀው።

ከሁሉ የከበደኝ ቦሩ ሜዳ ነው። ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን፣ ቅርብ ነው፤ አያቴ የዚያ ልጅ ናት። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው። ጉባኤው የክርስቲያኖቹን የትምህርት ልዩነት ከቆረጠ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። መሐመድ አሊ የሚባሉት የወረ ሂመኖ ገዥ ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው፣ የዐፄ ምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን ያገቡት፣ የልጅ ኢያሱ አባት እኚህ ናቸው።

እኔ ይህን የማወራው እዚህ ድረስ ብቻ ነበር። ደስ ይላል፤ ባላባቱ ስም ቀየረ፣ ራስ ሆነ፣ ንጉሥ ሆነ። አንድ ቀን ሁለተኛው ወንበር ላይ ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ኪታቡን በጨርቅ ጠቅልሎ የያዘ ደረሳ ተቀምጦ ነበር። እንደ ወሎ ደረሳ ትሑት ነው፤ ድምፁ አይሰማም።

«ወንድሜ፣ ሼህ ጦልሃን ዘለሃቸው» አለኝ።

ዘለልኳቸው። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ያንን ትእዛዝ ተቃውመው ሕዝብ አስተባብረው ከንጉሡ ጦር ጋር የተዋጉ ዓሊም ናቸው። እኔ ጥምቀቱን አውርቼ እምቢታውን ትቻለሁ። ተራው ሕዝብማ ምን መረጠ? «ቀን ክርስቲያን፣ ሌት እስላም» የተባለው ያኔ ነው። የተሰደደ ተሰደደ፣ የተዋጋ ተዋጋ፣ የቀረው በቤቱ ውስጥ ሁለቱንም ይዞ ኖረ። የአያቴ ስም የክርስቲያን ነው፤ የአባቷ ስም የሙስሊም፤ የአባቷ አባት ስም ደግሞ እንደገና የክርስቲያን። ልጅ ሆኜ ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የምቆጥረው፤ «የአንቺ ስም እንደ ቀሚስ ጥለት አንዱ ነጭ አንዱ ቀለም» እላት ነበር። እሷ ትስቃለች፤ ትርጉሙን ግን አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም። ደረሳው ከወረደ በኋላ ነው ሦስቱን ስሞች በደብተሬ ላይ አንዱን ከአንዱ ሥር ጽፌ ዓመቱን የቆጠርኩት። የአያቷ ስም የተቀየረው ቦሩ ሜዳ ላይ በአዋጅ ይሁን በፈቃድ ደብተሬ አይነግረኝም፤ አያቴም አሁን የለችም።

ከዚያ ወዲህ ቦሩ ሜዳን ሳወራ መጀመሪያ በመስታወት ወደ ኋላ አያለሁ። ነጠላም አለ፣ ጥምጣምም አለ፣ ሒጃብም አለ። ሁሉም የየራሱ አያት አለው። ስለዚህ ሁለቱንም እናገራለሁ፤ ማለትም መሐመድ አሊንም ሼህ ጦልሃንም። አንዳንዴ መኪናው ዝም ይላል። አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ተነሥቶ «የእኛም ቤት እንዲሁ ነው» ይላል፤ ያኔ ሐረጎ ያልቃል፣ ወሬው አያልቅም።

የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ግን የደሴ ሰው ሆኖ የማያውቀው አለ ብዬ አላስብም ነበር። ተሳስቻለሁ። በሩ ላይ በየቀኑ የሚያልፍ ተሳፋሪዬ «ይጠየፋል ማለት ምንድን ነው?» ብሎኛል። አይጠየፍ ማለት ስሙ ራሱ ነው፤ ማንንም አይጸየፍም፣ ማንንም አይመልስም፤ ግብር የሚበላበት አዳራሽ ነው። ልጄን ይዤ በእሁድ ሄጄ ነበር። ልጄ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለካችና «ይህን ሁሉ ሰው ሳህኑን ማን ያጥባል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ስለ ወጥ ቤቶቹ ሴቶች አንድ መስመር እንኳ አላነበብኩም። ጥያቄዋን ግን ጻፍኩት፤ የት እንደማስገባው ስላላወቅኩ ከሦስቱም ዓምዶች ውጪ፣ ኅዳጉ ላይ።

ንጉሡ በ1906 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ላይ ዘውድ ጫኑ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላም፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የወሎን ጦር አስከትተው ወጡና ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፤ ተማረኩ፤ በእስር እንዳሉ አረፉ። ይህን ታሪክ ለወረደም ለወጣም አላወራም፤ ሽቅብ ስንመለስ፣ ሞተሩ ሲያቃስት ነው የሚመቸኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ወይዘሮ ስኂን የምንለው ትምህርት ቤት ደግሞ ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። «ስኂን ማን ናት?» ብዬ አሥር ተማሪ ጠይቄ ዘጠኙ «ትምህርት ቤቱን ያሠራችው» አሉኝ፤ አሥረኛው «የታክሲ ፌርማታ ናት» አለኝ። ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። እቴጌ መነን የአምባሰል ሰው ናቸው። ለዚያ ለአሥረኛው ልጅ ይህን ስነግረው «ታዲያ እኛ የንጉሥ ዘመድ ነን ማለት ነው?» አለ። ፌርማታው ጋ አወረድኩት።

የቀረውን ወሎ ራሳቸው ተሳፋሪዎቹ ናቸው የሚያመጡልኝ። ከሐይቅ የመጣ ቄስ ስለ እስጢፋኖስ ገዳምና በ13ኛው መቶ ዓመት እዚያ ስላስተማሩት ስለ አባ ኢየሱስ ሞዐ ነገረኝ፤ ስለ ሐይቅ ዓሣ ብቻ የማወራው እኔ አፈርኩ። ከውጫሌ የመጣ ነጋዴ ውሉ የተፈረመበትን ሚያዝያ 25 ቀን 1881ን እንደ ልጁ ልደት ያውቀዋል፤ አሥራ ሰባተኛውን አንቀጽ ግን ከጣሊያኑ ወገን ሆኖ ሲያስረዳኝ ሦስት ሰው ተነሥቶበት ነበር። የወረ ኢሉ ሰው ሲሳፈር ደግሞ መናገር ይከብዳል፤ ዐፄ ምኒልክ ለዓድዋ ሲከቱ «ወረ ኢሉ ከተህ ላግኝህ» ያሉትን ሳይጠቅስ ሒሳብ የሚከፍል የወረ ኢሉ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ኮምቦልቻዎች ግን ይቆጣሉ። «ታሪክ ሁሉ ደሴ፣ ደሴ፤ እኛ ጋ ሲደረስ ፋብሪካና ቢራ ብቻ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሐረጎ ሲያልቅ እኔም ዝም እል ነበር። አሁን ለእነሱ ሁለት አለኝ። አንደኛው ሚያዝያ 1933 ነው። የደቡብ አፍሪካ ጦርና የእኛ አርበኞች ከሸዋ በኩል ሲመጡ ጣሊያን ኮምቦልቻን በከበቡት ኮረብቶች ላይ መሽጎ ጠበቃቸው። ለቀናት ከተዋጉ በኋላ ሚያዝያ 14 ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 18 ደሴ ተያዘች። የደሴን በር የከፈተው የኮምቦልቻ ውጊያ ነው ስላቸው ቀና ይላሉ፤ አንዱማ ሒሳቡን ሳይከራከር ከፍሎኛል።

ሁለተኛው አሰብ ነው። ይህኛው የእኔ ቤት ታሪክ ነው።

አባቴ የተሳቢ ሹፌር ነበር። ኮምቦልቻ መንታ መንገድ ናት፤ አንዱ ወደ ደሴ ይወጣል፣ ሌላው በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ይወርድና አሰብ ባሕር ላይ ያልቃል። ያንን መንገድ ጣሊያን ነው ያወጣው። አባቴ ዕድሜውን እዚያ ላይ ጨረሰ። ሲመጣ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ልብሱ ናፍጣና ላብ ይሸታል፤ ቤት ከገባ ሁለት ቀን ይተኛል። ባለፈው ዓመት ለሐኪም ቀጠሮ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወስደው ጋቢና አስቀመጥኩት። እንደ ልማዴ ማውራት ልጀምር ስል እሱ ጀመረ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፦ «ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ።» ከዚያ በእያንዳንዱ ቦታ የት እንደሚበላ፣ የት ጎማ እንደሚፈነዳ፣ የት ሌሊት እንጂ ቀን እንደማይነዳ፣ ማን ሻይ እንደሚያፈላ። መኪናው ጸጥ አለ። በ1990 ግንቦት ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ቡሬ ላይ ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አባቴ ጅቡቲን አንድ ጊዜ ሄዶ «ይህ የእኔ መንገድ አይደለም» ብሎ ቁልፉን ለባለቤቱ መለሰ።

በ77ቱ ረሃብ ከአሰብ የእርዳታ ስንዴ ከጫኑት አንዱ እሱ ነበር። ባቲ ላይ መጠለያው ነበረ። ይህን የምናውቀው እናቴ ስለነገረችን ነው፤ እሱ አያነሣውም። ያን ቀን በመኪናው ውስጥ «ባቲ» ብሎ ወዲያው «ሚሌ» አለ፤ ባቲ ላይ ሻይ ቤት አልጠራም፣ ምግብ ቤት አልጠራም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ማታ ደብተሩን አውጥቼ የቦታዎቹን ስም «የሰማሁት» ሥር ስጽፍ አየኝ። «ያየሁት በል» አለኝ።

«እኔ አላየሁትም፣ አባዬ።»

«እኔ አይቼዋለሁ። አንተ ደግሞ እኔን አይተኸኛል።»

ሰርዤ «ያየሁት» ሥር ጻፍኩት። መምህሩ ቢያዩኝ ይቆጡ ነበር፤ እስካሁን ግን አልመለስኩትም።

ስለ ረሃቡ፣ ስለ 66ቱም ስለ 77ቱም፣ መኪና ውስጥ አላወራም። አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ከረሃቡ በኋላ ንጉሡ እንዴት እንደወረዱ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ እንደ ፖለቲካ ወሬ አድርጌ ስተርክ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ ኮምቦልቻ አለቀሱ። ስማቸውንም የት እንደሚወርዱም አልጠየቅኳቸውም። በደብተሬ ውስጥ ያ ገጽ ባዶ ነው፤ ሆን ብዬ የተውኩት ነው።

ስለ ቅርቡ ጦርነትም ጥቂት ብቻ ነው የምለው። በጥቅምት 2014 በዚህችው ሚኒባስ 19 ሰው ጭኜ ሐረጎን ወረድኩ። ያን ቀን ማንም ታሪክ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላወራሁም፤ የሚሰማው የልጆች ለቅሶና የሞተሩ ድምፅ ነበር። ደብተሩ ወንበሩ ሥር ስለነበረ ሳላስበው አብሮኝ ተሰደደ። የደሴ ሙዚየም ግን መሸሽ አይችልም፤ ተዘረፈ። ከተማዋ በመንግሥት እጅ መመለሷ የተነገረው ኅዳር 27 ነው። ኅዳር 26 የ1928ቱ ቦምብ፣ ኅዳር 27 የ2014ቱ ዜና። ቀኖቹን ጎን ለጎን የጻፍኩበት ገጽ አለኝ፤ ምንም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ብቻ ጽፌዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ገና ሳይወርድ አንድ ወጣት ጋቢና ገባ። ሰማያዊ ቦርሳ ይዟል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሐረጎ ስንገባ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ገደሉ አየ።

«ጋሼ፣ እዚህ ገደል ውስጥ የጣሊያን አውሮፕላን ወድቋል፤ ያውቃሉ?»

መሪው በእጄ ውስጥ ሞቀ። «ማን ነገረህ?»

«ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስንወርድ አንድ ሹፌር ነግሮን ነው። ጃንሆይ ራሳቸው ናቸው የጣሉት። የአብራሪውን ቦት ጫማ ሳይቀር አንድ ገበሬ ወስዶት ነበር። ለዶርም ጓደኞቼ ነግሬያቸው አላመኑኝም፤ ላመጣቸውና ቦታውን ላሳያቸው ነው።»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ከሆስፒታሉ ልጀምር ወይስ ከፎቶግራፉ? ከሆስፒታሉ ጀመርኩ። ኅዳር 26 ቀን ከሚለው ሳልወጣ ከኋላ «ወራጅ አለ!» ተባለ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ወጣቱም ቦርሳውን አነሣ፤ «እኔም እዚሁ ነኝ፣ ጋሼ፣ ይመችዎት» ብሎ ወረደ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ሹፌር እኮ እኔ ነኝ! አልወደቀም!» ብዬ በመስኮት ጮህኩ። ማዳመጫውን መልሶ ሰክቶ ኖሮ እጁን አውለበለበልኝና መንገዱን ተሻገረ።

ረዳቴ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋና በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«ታዲያ አያቴ ጫማውን ይመልስ?»